የጠፋችው «ለ»፦ የማይክሮዌቭ ትራንዚስተር ቀመሮች ከሰነዱ ሲነበቡ

በሜይ 1980 የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ የማይክሮዌቭ መጽሔት ከገጽ 448 እስከ 456 አንድ ጽሑፍ ይዟል። ጸሐፊው ዋልተር ከርቲስ ይባላል፤ ይሠራ የነበረው በኒው ጀርሲ፣ ፕሪንስተን በሚገኘው የአርሲኤ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። የጽሑፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጋሊየም አርሰናይድ የተቀናጁ ሰርኪቶችን ለመንደፍ የሚያገለግል የሜስፌት ሞዴል» ይሆናል። ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው። በዘጠኙ ገጽ ውስጥ ያለው ቀመር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም በሥራ ላይ አለ። የኩባንያው ዕድሜ እንኳ እንደ ቀመሩ አልረዘመም፤ አርሲኤን በ1986 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገዛው፣ ቤተ ሙከራው በዓመቱ ለኤስአርአይ ተላለፈ።

የዛሬ መሐንዲስ ቀመሩን የሚያውቀው በሰውየው ስም ነው። «ከርቲስን ተጠቀም» ይባላል እንጂ «የተቀናጀ ሰርኪት ለመንደፍ የወጣውን ተጠቀም» የሚል የለም። ርዕሱ ላይ የነበረችው «ለ» መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ይህ ጥናት የሚከተለው ያቺን ፊደል ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከታትለው የወጡት የማይክሮዌቭ ትራንዚስተር ሞዴሎች አብዛኞቹ ለምን እንደተሠሩ ርዕሳቸው ላይ በግልጽ ጽፈዋል፤ የሲሙሌተር (ሰርኪትን በኮምፒውተር የሚሞክር ፕሮግራም) ዝርዝር ውስጥ ሲገቡ ግን የተረፋቸው የሰው ወይም የኩባንያ ስም ብቻ ነው። በኋላ በየሞዴሉ ላይ የተነሣው ክርክር አብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፤ ሶርስ፣ ጌትና ድሬን። ኤሌክትሮን ከሶርስ ወደ ድሬን በቀጭን መተላለፊያ ይፈሳል፤ ጌቱ ላይ የሚደረገው ቮልቴጅ መተላለፊያውን ያጠባል ወይም ያሰፋል። የመስኖ ቦይ ላይ እንዳለ በር ነው፤ ገበሬው በሩን ጥቂት ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ብዙ ውኃ ይታዘዝለታል። ዊልያም ሾክሊ የዚህን ትራንዚስተር ንድፈ ሐሳብ በኖቬምበር 1952 አሳተመ። በ1966 ደግሞ የካልቴኩ ካርቨር ሚድ በአንዲት አጭር ደብዳቤ፣ የብረት ጌት በቀጥታ ጋሊየም አርሰናይድ ላይ ማሳረፍ እንደሚቻል አሳየ። ሜስፌት የሚባለው ይኸው ነው። በጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ኤሌክትሮን ከሲሊከን ይልቅ ስድስት እጥፍ ያህል በቀላሉ ስለሚንቀሳቀስ፣ ትራንዚስተሩ በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ንዝረት ወዳለበት ወደ ማይክሮዌቭ መንደር መግባት ቻለ። የአገራችን ሰውም ሳያውቀው ከዚህ ቤተሰብ ጋር ይኖራል፤ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ፊት የተገተረችው ኤልኤንቢ ውስጥ፣ ከሳተላይት የመጣውን የደከመ ሞገድ መጀመሪያ ተቀብሎ የሚያጎላው የዚህ ዘር ትራንዚስተር ነው።

ቀመር ለምን አስፈለገ? መጀመሪያ ላይ የማይክሮዌቭ ማጉያ የሚሠራው ትራንዚስተሩን፣ መስመሩንና ሌላውን ክፍል ለየብቻ ሰሌዳ ላይ በመግጠም ነበር። ሥራው አልሰምር ሲል ቴክኒሻኑ ማይክሮስኮፕ ሥር ሆኖ ትንንሽ የወርቅ ቁራጮችን ይጨምራል፣ ያነሣል፣ ያስተካክላል። በ1976 የእንግሊዙ ፕሌሲ ኩባንያ ሰዎች፣ ፔንግሊና ተርነር፣ ሙሉ ማጉያ በአንድ የጋሊየም አርሰናይድ ቁራጭ ላይ ሠርተው አሳተሙ። ቁራጩ ላይ አንዴ የታተመ ነገር በእጅ አይነካም፤ ከተሳሳተ ተመልሶ ከፋብሪካው መጀመሪያ ጠረጴዛ መነሣት ነው። ስለዚህ ሰርኪቱ ከመሠራቱ በፊት በወረቀት፣ ማለትም በኮምፒውተር፣ መሞከር ነበረበት።

የኮምፒውተሩ መሣሪያ ተዘጋጅቶ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ላሪ ኔግልና መምህሩ ዶናልድ ፔደርሰን ስፓይስ የተባለውን ፕሮግራም በኤፕሪል 1973 ካናዳ፣ ዋተርሉ ላይ በተደረገ ጉባኤ አቀረቡ፤ ሁለተኛው ስፓይስ በ1975 ወጣ። ስፓይስ ግን የሲሊከን ልጅ ነው። በውስጡ ያለው የፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር ቀመር ሺክማንና ሆጅስ በ1968 ካሳተሙት የተወሰደ ነው፦ ከረንቱ የጌቱ ቮልቴጅ ከመዝጊያው ቮልቴጅ በላይ ባለው ልክ፣ በራሱ ተባዝቶ (በካሬ) ይጨምራል፤ ከዚያ ድሬኑ ላይ ቮልቴጅ ሲጨመር ከረንቱ ጥቂት ብቻ ሽቅብ ያዘነብላል። ሾክሊ ራሱ በ1952 የጻፈው ካሬ አልነበረም፤ እሱ ያገኘው ከዚያ የተወሳሰበ ነው። ካሬው ለስሌት ሲባል የተቀለለ ነው።

ጋሊየም አርሰናይድ ላይ ይህ ቀመር አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። በስፓይስ ቀመር መሠረት ከረንቱ ወጥቶ ወጥቶ የሚታጠፍበት ቦታ ከጌቱ ቮልቴጅ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ጌቱ ብዙ ሲከፈት ኩርባው ዘግይቶ ይታጠፋል፣ ጥቂት ሲከፈት ቶሎ ይታጠፋል። እውነተኛው ሜስፌት ግን እንዲያ አያደርግም። ጌቱ አንድ ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ በጥቂት ቮልቴጅ የመጨረሻ ፍጥነታቸው ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ድሬኑን ቢጎትቱት አይፈጥኑም። ስለዚህ ኩርባዎቹ ሁሉ፣ ጌቱ ብዙም ይከፈት ጥቂት፣ ወደ አንድ አካባቢ ይታጠፋሉ።

ከርቲስ እዚህ ላይ ያመጣው መፍትሔ ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት የሚባለውን የሒሳብ ቅርጽ ነው፤ ከዜሮ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ፣ ለስላሳ ሆኖ ታጥፎ፣ ቁጥር 1 ላይ ሲደርስ የሚተኛ ኩርባ። የድሬኑ ቮልቴጅ በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ወደዚህ ቅርጽ ይገባል፤ የጌቱ ቮልቴጅ ግን አይገባም። ኩርባዎቹ አንድ ቦታ የሚታጠፉት በዚህ ነው። ሰነዱን ወደ ኋላ ለሚከታተል ግን ይህ ቅርጽ የከርቲስ ፈጠራ አይደለም። ታኪ የተባለ ጃፓናዊ በኦክቶበር 1978 በአይ ትሪፕል ኢ የሶሊድ ስቴት ሰርኪቶች መጽሔት ላይ የጀንክሽን ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተርን ጠባይ በሃይፐርቦሊክ ቀመር ስለ መግለጽ ሁለት ሦስት ገጽ ጽፎ ነበር። እንግዲህ የ1980ው ቀመር ካሬውን ከሺክማንና ሆጅስ፣ መታጠፊያውን ከታኪ ይዞ ነው የመጣው። ይህን የምለው ከርቲስን ለማሳነስ አይደለም። ሦስት ሰዎች የሠሩትን ሰብስቦ የሚሠራ ነገር ማድረግ ራሱ ሥራ ነው፤ ስሙ ብቻ ሙሉውን ይዞ መቅረቱ ነው የሚገርመው።

ቀመሩን በቅርብ ለማየት እስቲ በእጃችን እናስላው፤ ቁጥሮቹን ለማሳያ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ትራንዚስተሩ የሚዘጋው ጌቱ ላይ ከዜሮ በታች 2 ቮልት ሲሆን ነው እንበል። ጌቱን ከዜሮ በታች ግማሽ ቮልት ላይ አቆምነው፤ ከመዝጊያው 1.5 ቮልት ከፍ ብሏል። በካሬ 2.25 ይሆናል። የትራንዚስተሩ መጠን 50 ሚሊአምፒር በካሬ ቮልት ከሆነ 112.5 ሚሊአምፒር እናገኛለን። ድሬኑ 3 ቮልት ላይ ሲሆን ሽቅብ የሚያዘነብለው ክፍል (በቮልት 5 በመቶ ብንለው) 1.15 ያባዛል፤ ታንጀንቱ (በ2 ተባዝቶ 6 ይገባበታል) ከ1 አይለይም። ውጤቱ 129 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። ድሬኑን ወደ 0.2 ቮልት ብናወርደው ታንጀንቱ 0.38 ይሆናል፤ ከረንቱም ወደ 43 ሚሊአምፒር ይወርዳል። አራት ማባዛት ነው በቃ። በዚያን ዘመን ኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መደጋገም የሚችለው እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ነበር።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው፣ ለእኔ ግን የጽሑፉ ትልቁ ነገር የሚመስለኝ፣ ሌላ ነው። ከርቲስ ከረንቱ ጌቱን በቅጽበት አይታዘዝም አለ፤ ትእዛዙና ፍሰቱ መካከል መዘግየት አስገባ። ኤሌክትሮን በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ሴንቲሜትር ገደማ ቢሮጥ አንድ ማይክሮሜትሩን ጌት ለማለፍ 10 ፒኮሴኮንድ ይፈጅበታል። ለሬዲዮ ይህ ምንም አይደለም። በ10 ጊጋኸርትዝ ግን አንድ ሙሉ ንዝረት 100 ፒኮሴኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ መዘግየቱ የንዝረቱ አንድ አሥረኛ፣ 36 ዲግሪ ማለት ነው። ሲሊከን መንደር ያደገ ስፓይስ ይህን አያውቅም ነበር።

እንግዲህ «ለ»ን እናስታውስ። ቀመሩ የተሠራው ለተቀናጀ ሰርኪት ነው፤ ጥያቄውም በጊዜ ሂደት ከረንቱ ስንት ይሆናል የሚል ነው። ለዚያ ጥያቄ መልሱ ጥሩ ነው። ከእሱ በፊት ሌላ መንገድ የነበረ መሆኑም አይረሳ፤ ዊሊንግ፣ ራውሸርና ዴ ሳንቲስ በዲሴምበር 1978 ትራንዚስተሩን በብዙ የቮልቴጅ ነጥቦች ላይ በትንሽ ሲግናል ለክተው፣ ከልኬቶቹ የትልቁን ሲግናል ጠባይ የሚተነብዩበትን ዘዴ አሳትመዋል። ቀመር ሳይሆን ሠንጠረዥ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከርቲስ ራሱ በዲሴምበር 1985 ከኤተንበርግ ጋር ሁለተኛውን ታዋቂ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱን ልብ ይሏል፦ «የኃይል ማጉያዎችን የውጤት ሰርኪት ለመንደፍ የሚያገለግል» ኖንሊኒየር ሞዴል። «ለ» ተቀይራለች። የ1980ውን አሻሻልኩ አላለም፤ ለሌላ ሥራ ሌላ ሠራሁ ነው ያለው። ኃይል ማጉያ ውስጥ ትራንዚስተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወዛወዛል፤ ካሬው እዚያ አይበቃም። ስለዚህ ካሬው ወጥቶ በምትኩ እስከ ሦስተኛ ኃይል የሚሄድ ፖሊኖሚያል ገባ፤ አራት ቁጥር ከልኬት ጋር እንዲገጥም ይመረጣል። መታጠፊያው ታንጀንት እንደነበረ ቆየ።

የፖሊኖሚያል ነገር ግን የታወቀ ነው፤ በተለካበት ክልል ውስጥ ጨዋ ነው፣ ከክልሉ ሲወጣ ዱርዬ ይሆናል። ትራንዚስተሩ መዘጋት በሚገባው ቦታ ፖሊኖሚያሉ ተመልሶ ሽቅብ ሊነሣ ይችላል፤ ሲሙሌተሩም ከተዘጋ በር ውኃ ሲፈስ ያያል። ቁጥሮቹን ያወጣው ሰው ይህን ያውቃል፤ ቁጥሮቹን በውርስ የተቀበለው ሰው ግን አያውቅም።

በዚሁ ዘመን የሲሙሌተሩም ዓለም ተለውጧል። ስፓይስ በጊዜ ውስጥ በጥቃቅን እርምጃ ነው የሚሄደው፤ ማይክሮዌቭ ሰርኪት ግን ረጅም መስመሮች ያሉበት፣ በፍሪኩዌንሲ መግለጽ የሚቀልል ነገር ነው። ናክላና ቭላች በ1976 ያቀረቡት ሃርሞኒክ ባላንስ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ መስመሩና መሰል ክፍሎች በፍሪኩዌንሲ፣ ትራንዚስተሩ ደግሞ በጊዜ ይሰላሉ፤ ከዚያ ሁለቱ መዝገቦች እስኪታረቁ ድረስ ይመላለሳሉ። በርክሌይ ውስጥ ኩንደርትና ሳንጆቫኒ ቪንቼንቴሊ በ1986 ዘዴውን አጠናክረው አሳተሙ። መዝገቦቹን ለማስታረቅ ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው የከረንቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ ኩርባው በየነጥቡ ወዴት እንደሚያዘነብልም ማወቅ አለበት። ስብራት ያለው ቀመር ስሌቱን ያሳስታል ወይም ያስቆማል። እስከዚያ ድረስ ማንም ያላፈጠጠበት ነገር፣ የኩርባው ተዳፋት፣ እዚህ ላይ ዋና ጉዳይ ሆነ።

በፖላንድ ካትስፕሻክና ማቴርካ በ1983፣ ከዚያም ማቴርካና ካትስፕሻክ በ1985፣ መዝጊያው ቮልቴጅ ራሱ ከድሬኑ ጋር እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ ሞዴል አሳተሙ። ጥሩ ሞዴል ነው፤ ብዙ ተጠቅመውበታል።

የሬይቲዮን ኩባንያ ሰዎች ጽሑፍ ግን ቆም ብሎ መታየት አለበት። ፌብሩዋሪ 1987፤ ጸሐፊዎቹ ስታትስ፣ ኒውማን፣ ስሚዝ፣ ፑስልና የኤምአይቲው ኸርማን ሃውስ። ርዕሱ የጋሊየም አርሰናይድ ትራንዚስተርንና ሰርኪትን «በስፓይስ» ማስላት ነው። እዚህ ደግሞ «ለ» ወደ «በ» ተቀይራለች፤ የሞዴሉ ዓላማ ፕሮግራሙ ሆኗል። ሁለት ነገር ለወጡ። የከርቲስ ካሬ ጌቱ ብዙ ሲከፈት ከእውነቱ እንደሚያልፍ አይተው፣ ከመዝጊያው አጠገብ ካሬ፣ ራቅ ሲል ቀጥታ መስመር የሚሆን አካፋይ ጨመሩ። ሁለተኛ፣ ታንጀንቱ የኮምፒውተር ጊዜ ይበላል ብለው በቀላል ፖሊኖሚያል ተኩት። ይህች ሁለተኛዋ ቁጠባ በኋላ ዋጋ ታስከፍላለች።

ትልቁ ሥራቸው ግን ቻርጅ ላይ ነው። ጌቱ ከሶርስና ከድሬን ጋር እንደ ሁለት ካፓሲተር ሆኖ ቻርጅ ያከማቻል፤ የሁለቱም መጠን በሁለቱም ቮልቴጅ ይለዋወጣል። ለእያንዳንዱ ካፓሲተር ለየብቻ የሚገጥም ቀመር ቢሰጣቸው ምን ይሆናል? እቁብ እናስብ። ገንዘቡ በየቤቱ ዞሮ ሰብሳቢው ጋ ሲመለስ የገባውና የወጣው እኩል መሆን አለበት። ሁለቱ መዝገቦች ለየብቻ ከተያዙ ግን በየዙሩ ጥቂት ሳንቲም ትተርፋለች ወይም ትጎድላለች። በ10 ጊጋኸርትዝ በሴኮንድ አሥር ቢሊዮን ዙር አለ። ያቺ ሳንቲም ተጠራቅማ ጌቱ ውስጥ የሌለ ከረንት ትወልዳለች። የሬይቲዮን ሰዎች መፍትሔ አንድ የቻርጅ ቀመር ጽፎ ሁለቱንም ካፓሲተር ከዚያው ማውጣት ነው፤ ድሬኑና ሶርሱ ቦታ ሲለዋወጡም ቀመሩ ሳይሰበር አብሮ ይገለበጣል።

ይህ በሽታ አዲስ አልነበረም። የሜየር የካፓሲታንስ ሞዴል በ1971 በአርሲኤ የራሱ መጽሔት ላይ የወጣ ነው፤ ለሲሊከን። ዋርድና ደተን ከቻርጅ የሚነሣ አማራጭ በ1978 አቀረቡ፤ እሱም ለሲሊከን። ጋሊየም አርሰናይድ ሰፈር መድኃኒቱ ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል። ሁለቱ ሰፈሮች የተለያየ መጽሔት ስለሚያነቡ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ሞዴል እንደ አሸን ፈላ። ትራይኩዊንት የተባለው የኦሪገን ኩባንያ በ1990 የራሱን አወጣ፤ አውስትራሊያ፣ ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ፓርከርና ስኬለርን በ1997 የራሳቸውን አወጡ። ፒስፓይስ የተባለው የስፓይስ ዝርያ ሁሉንም በቁጥር አሰለፋቸው፤ ከርቲስ ደረጃ 1፣ ሬይቲዮን ደረጃ 2፣ ትራይኩዊንት ደረጃ 3፣ ፓርከርና ስኬለርን ደረጃ 4። ተማሪ ይህን አይቶ ምን ያስባል? አራተኛ ክፍል ከአንደኛ ክፍል ይበልጣል ብሎ ነው። ቁጥሮቹ ግን የመግቢያ ተራ እንጂ የእውቀት መሰላል አይደሉም።

አሁን ወደ ተዳፋቱ እንመለስ። በዲሴምበር 1990 ስቲቨን ማስና ኒልሰን «ለኢንተርሞዱሌሽን ትንተና» ብለው በርዕሳቸው የጻፉበት ጽሑፍ ወጣ። ኢንተርሞዱሌሽን ማለት ሁለት ሲግናል አንድ ማጉያ ውስጥ ሲገቡ ተጋብተው የሚወልዱት ዲቃላ ነው። አንዱ 10.000፣ ሌላው 10.001 ጊጋኸርትዝ ላይ ቢሆኑ፣ ሦስተኛ ደረጃ ከሚባለው ዲቃላ አንዱ 9.999 ላይ ይወድቃል፤ ልክ ከጎረቤት ጣቢያ መቀመጫ ላይ። ማጣሪያ አያወጣውም፣ እጅግ ስለሚቀርብ። የዚህን ዲቃላ መጠን የሚወስነው ከረንቱ አይደለም፤ የከረንቱ ተዳፋት የተዳፋቱ ተዳፋት ነው፣ ሦስተኛው ዴሪቬቲቭ።

የ1980ውን ካሬ በዚህ ዓይን እንየው። የካሬ የመጀመሪያ ዴሪቬቲቭ ቀጥታ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ቋሚ ቁጥር ነው፤ ሦስተኛው ዜሮ። እንግዲህ በከርቲስ ካሬ መሠረት ጌቱ በራሱ የሦስተኛ ደረጃ ዲቃላ አይወልድም! ከመታጠፊያው ክፍልና ከሰርኪቱ ምላሽ ጥቂት ሊመጣ ይችላል እንጂ ዋናው ምንጭ ደርቋል። ከረንቱን በጥቂት በመቶ ስሕተት የሚተነብየው ቀመር፣ መሐንዲሱ የሚፈራውን ነገር «የለም» ይላል። የ1985ቱ ሦስተኛ ኃይል ያለው ደግሞ ሦስተኛውን ዴሪቬቲቭ ቋሚ ያደርገዋል፤ እውነተኛው ትራንዚስተር ላይ ግን ይህ ቁጥር ጌቱ ሲከፈት ከአዎንታ ወደ አሉታ ይገለበጣል። የሬይቲዮኑ የቁጠባ ፖሊኖሚያልም ከታንጀንቱ ጋር በዓይን አይለይም፤ ወደ መተኛቱ በሚገናኝበት ነጥብ ግን ሦስተኛው ዴሪቬቲቭ ተዘሎ ወደ ዜሮ ይወድቃል። ዋጋዋ ይህች ነች። ማስና ኒልሰን ያደረጉት የኩርባውን መጠን ከማስገጠም ይልቅ ዴሪቬቲቮቹን ራሳቸውን ለክቶ ቀመሩን በእነሱ ማስገጠም ነው።

ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከርቲስ ኢንተርሞዱሌሽን አሰላለሁ አላለም፤ ርዕሱ ላይ ምን እንደሚያሰላ ጽፏል።

የመለኪያው ጠረጴዛም ታሪክ አለው። በ1984 ኤችፒ የተባለው ኩባንያ 8510 የተባለውን ኔትወርክ አናላይዘር ሲያወጣ፣ እስከ 26.5 ጊጋኸርትዝ ድረስ በኮምፒውተር እየታዘዘ ራሱን አርሞ የሚለካ መሣሪያ መሐንዲሱ እጅ ገባ። በጁላይ 1988 ከሊል፣ ፈረንሳይ፣ ዳምብሪን፣ ካፒና ጓደኞቻቸው ትራንዚስተሩን «አቀዝቅዘው»፣ ማለትም ድሬኑን ዜሮ ቮልት ላይ አድርገው፣ መጀመሪያ የዙሪያውን ሽቦና ንክኪ ለይቶ የሚያወጣ፣ ከዚያ የውስጡን ክፍል በቀጥታ የሚያሰላ ዘዴ አሳተሙ። በግምት ሲደረግ የነበረው በስሌት ሆነ። ይህ ዘዴ ዛሬም የሞዴል ሰው የመጀመሪያ ቀን ሥራ ነው።

መሣሪያውና ዘዴው ሲገናኙ የ1978ቱ ሠንጠረዥ ተመልሶ መጣ። በ1991 ሽቱትጋርት ላይ በተደረገው የአውሮፓ ማይክሮዌቭ ጉባኤ የኤችፒዎቹ ዴቪድ ሩት፣ ፋንና ሜየር ቀመር የሚባል ነገር የሌለው ሞዴል አቀረቡ። ኮምፒውተሩ ትራንዚስተሩን በመቶዎች ነጥቦች ላይ ይለካል፤ ከልኬቱ ከረንትና ቻርጅ በማጠራቀም ይሰላሉ፤ በነጥቦቹ መካከል ለስላሳ ኩርባ ይሳባል። ርዕሱ ላይ ሞዴሉን «ከቴክኖሎጂ ነጻ» ብለውታል። ከዚህ ሁሉ ርዕስ «ለ»ን በፈቃዱ የተወው ይህ ነው፤ ለሁሉም እሆናለሁ አለ። ዕዳው ግልጽ ነበር፤ ያልተለካበት ቦታ ሞዴሉ አያውቅም፣ ሁለት ነጥብ መካከል የሚሳበው መስመርም ስለ ሦስተኛ ዴሪቬቲቭ የሚናገረው ከትራንዚስተሩ ይልቅ ስለ ራሱ ነው።

በዲሴምበር 1992 ከስዊድኑ ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ኢልቾ አንጀሎቭ፣ ኸርበርት ዚራትና ኒክላስ ሮርስማን ያሳተሙት ለእኔ ከሁሉም የበሰለው ነው። በ1980 የፉጂትሱ ሰዎች ሄምት የተባለውን አዲስ ትራንዚስተር አስተዋውቀው ነበር። የሄምት የማጉላት አቅም ጌቱ ሲከፈት ይነሣል፣ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ እንደ ደወል ቅርጽ። ካሬው ሁልጊዜ ሽቅብ ብቻ ስለሚያውቅ ይህን ደወል መሳል አይችልም። አንጀሎቭ ታንጀንቱን፣ ለድሬኑ ብቻ ያገለግል የነበረውን፣ ለጌቱም ተጠቀመበት። የታንጀንት ተዳፋት ደወል ነው። ደወሉ የት እንደሚቆም የሚነግሩት ቁጥሮች በቀጥታ ከልኬት ወረቀት ይነበባሉ፤ ጫፉ የትኛው ቮልቴጅ ላይ ነው፣ በዚያ ላይ ከረንቱ ስንት ነው። ዴሪቬቲቮቹም የትም ቦታ አይሰበሩም። የታኪ ቅርጽ ዐሥራ አራት ዓመት ከተጓዘ በኋላ ቤቱን በሁለቱም በኩል ያገኘ ይመስላል።

የቀረው ችግር የጊዜ ነው። ሜስፌትና ሄምት በዝግታ ሲለኩና በፍጥነት ሲለኩ አንድ ሰው አይመስሉም፤ በክሪስታሉ ውስጥና ገጽ ላይ ያሉ ወጥመዶች ኤሌክትሮን ይዘው ቀስ ብለው ስለሚለቁ፣ ሙቀቱም ቀስ ብሎ ስለሚከተል። ጋሊየም ናይትራይድ የተባለው ሌላው የትራንዚስተር ቁስ ሲመጣ ይህ ነገር ጎልቶ ወጣ፤ ብዙ ኃይል፣ ብዙ ሙቀት፣ ብዙ ወጥመድ። ልኬቱም በአጫጭር ምት ቮልቴጅ መደረግ ጀመረ። በ2018 የኮምፓክት ሞዴል ጥምረት የተባለው የኢንዱስትሪ አካል ለጋሊየም ናይትራይድ ሁለት ሞዴሎችን መደበኛ አድርጎ ተቀበለ፤ ኤኤስኤም ሄምትና ከኤምአይቲ የመጣው ኤምቪኤስጂ። ሁለቱም ከኩርባ ማስገጠም ይልቅ ከፊዚክሱ የሚነሡ ናቸው።

የድሮዎቹም አልተሻሩም። የኤችፒ ወራሽ በሆነው የኪሳይት ሲሙሌተር ዝርዝር ውስጥ ማቴርካ፣ ስታትስ፣ ትራይኩዊንትና አንጀሎቭ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከነሱ መካከል «ከርቲስ 2» እና «ከርቲስ 3» የሚሉ ሁለት ስሞች አሉ። እነዚህ ቁጥሮች የእትም ቁጥር አይደሉም፤ 2 ካሬው ነው፣ 3 ደግሞ የ1985ቱ ሦስተኛ ኃይል ነው።